አዛውንት ልታስተምሩ ለተነሳችሁ ልጆች

ሰሞኑን ወጣቶች ሰብሰብ ብላችሁ ለትልልቅ ሰዎች ስልክ አጠቃቀም፣ ንባብ፣ እንግሊዝኛ ምናምን ማስተማር ስትጀምሩ እያየሁ ነው፣ ደስ ይላል፣ አንዳንዶቻችሁም እየደወላችሁ "ጋሼ ምን ይመክሩናል" ስላላችሁኝ ለሁላችሁም አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። እኔ አራት ኪሎና ፒያሳ አካባቢ ማታ ትምህርት ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ እኩዮቼን ነው የማስተምረው። የምለው ብዙ ነው ግን አንዷን ከያዛችሁልኝ ይበቃኛል፦ ስልኩን ከእጃቸው አትቀበሉ።

እማማ አንዷን ፊደል ሲፈልጉ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል፣ እናንተ ደግሞ ልጆች ናችሁና ያቁነጠንጣችኋል፣ "ቆይ እማማ እኔ ልስራልዎት" ትሉና ተቀብላችሁ ጠቅ ጠቅ አርጋችሁ ትመልሱላቸዋላችሁ። እሳቸውም "ተባረክ ልጄ፣ እደግ ተመንደግ" ይሏችኋል። ይሄ ምርቃት ነው የሚያታልላችሁ! ምክንያቱም ሴትዮዋ ምንም አልተማሩም፣ ነገም ያንኑ ስልክ ለሌላ ሰው ሊሰጡ ነው፣ ሌላው ሰው ማን እንደሆነ ደግሞ እግዜር ይወቀው። እጃችሁን ወደኋላ አጣምሩና በአፋችሁ ብቻ ምሩ፣ "ከላይ በቀኝ በኩል ያለችውን ይንኩ" እያላችሁ፣ ሲሳሳቱም ዝም ብላችሁ ጠብቁ፣ ራሳቸው ተመልሰው ሲወጡ ነው የሚገባቸው።

ይሄን የማጠብቀው በገንዘብ ምክንያት ነው። ቴሌብር በ2013 ግንቦት ከመጣ ወዲህ ብዙ ነገር ስልክ ውስጥ ገብቷል፣ የጡረታው ብርም ባንክ ነው የሚገባው፣ ሰዎቻችን ግን የሚስጥር ቁጥራቸውን ወረቀት ላይ ጽፈው የስልኩ ሽፋን ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት፣ ይባስ ብለው ለናንተ "ልጄ አንተ ያዝልኝ" ይሏችኋል። እንዳትይዙ! ቁጥሩን ሲያስገቡ ፊታችሁን አዙሩ፣ እንደምታዞሩም ይዩ፣ ሌላውም ሰው ፊቱን ማዞር እንዳለበት የሚማሩት ከዛ ነው። "ሽልማት ደርሶዎታል"፣ "በስህተት ብር ልኬብዎት ነው ይመልሱልኝ"፣ "የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ" እያሉ የሚደውሉትን ሌቦች ደግሞ በወሬ አታስተምሯቸው፣ አንዳችሁ ከኮሪደር ሆናችሁ እንደ ሌባ ደውሉላቸው። የኔ ክፍል በጣም የሚወደው ይሄንን ነው፣ ዝምተኛ የሚባሉት ሁሉ ያን ቀን "አንተ ቀጣፊ!" እያሉ ሲሳደቡ ልታዩዋቸው ይገባል፣ ከዛ በኋላ እውነተኛው ሌባ ሲደውል ምን እንደሚሉ አፋቸው ለምዶታል።

ማልኮም ኖውልስ የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ስለ ጎልማሶች ትምህርት ብዙ ጽፏል፣ ከዋና ሀሳቦቹ አንዱ ጎልማሳ ሰው ዛሬ የሚጠቅመውን ነው የሚማረው የሚል ነው፣ እኔም በስራ ያየሁት ይሄንኑ ነው። ስለዚ "ዛሬ ሴቲንግ እንማራለን" ብላችሁ አትጀምሩ። ልጃቸው ውጭ ሀገር ነው? በቪዲዮ መደወል ይቅደም። ሀኪም ቤት ቀጠሮ አለባቸው? እንግዲያውስ ሰአቱ ይቅደም፣ ስልኩ 15፡00 ሲል ለኛ ዘጠኝ ሰአት እንደሆነ፣ ስድስት መቀነስ እንዳለባቸው፣ ቀኑም የፈረንጅ እንደሆነ አሳዩዋቸው፣ በዚች የተነሳ ቀጠሮ ያለፈው ሰው ስንቱ ነው መሰላችሁ።

ስለ ገላም ላውራ፣ ማንም አይነግራችሁምና። የ60 አመት ሰው አይን ውስጥ ገብቶ የሚደርሰው ብርሃን የ20 አመት ልጅ ከሚያገኘው ወደ አንድ ሦስተኛ ነው ይባላል፣ ስለዚ ክፍሉን አብሩ፣ የስልኩን ፊደል አተልቁ፣ ሰ እና ሸ፣ በ እና ቡ የሚለዩት ይቺን በምታህል ጭረት እንደሆነ አትርሱ። ጣታቸውም ይደርቃል፣ ስክሪኑ አልሰማ ሲላቸው ደግሞ ተጭነው ይይዙታልና ያላሰቡት ነገር ይከፈታል፣ ሴቲንግ ላይ ተደራሽነት (Accessibility) የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ተጭኖ የመቆያውን ጊዜ ረዘም አርጉት (ይቺን ብቻ ቀድማችሁ ብትሰሩላቸው ቅር አይለኝም)። ጆሮ መጀመሪያ የሚከዳው ቀጭን ድምፅ ላይ ነው፣ ስ እና ፍ ይጠፋሉ፣ እናንተ ስትጮሁ ደግሞ ድምፃችሁ ይቀጥንና ይብሳል፣ ወፈር አርጋችሁ ፊት ለፊታቸው ቆማችሁ አውሩ፣ ወደ ሰሌዳ ዞራችሁ አታውሩ። ግማሹ የደም ግፊት ኪኒን ይወስዳል፣ አንዳንዱ ኪኒንም ሽንት ያመላልሳል፣ ሳይጠይቋችሁ እረፍት ስጡ። ሶስተኛ ፎቅ ላይ ክፍል በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳን አትቀበሉ፣ ሊፍት አለ ቢሏችሁም መብራት ይጠፋል።

አክብሮቱን ግን አደራ። አንቱ ማለት ብቻ አይደለም። የድሮ ወታደር ከሆኑ ሻምበል ወይ ሻለቃ በሏቸው፣ መካ ደርሰው የመጡትን ሐጂ፣ ሌላውን ጋሼ፣ እትዬ፣ እሱን ራሳቸውን ጠይቁ፣ "አንቺ በለኝ ልጄ" የምትልም እናት አለች። ለህጻን እንደሚደረገው "ጎበዝ! አጨብጭቡላቸው!" ማለት ግን ተዉ፣ እኔን ራሴን ያሸማቅቀኛል። ፊታችሁ የተቀመጡት ሰዎች እነማን እንደሆኑ እወቁ እስኪ። ስልሳ አምስት ሰባ የሞላቸው ሰዎች እኮ ከፊሎቹ በ1967 እድገት በህብረት በሚባለው የተማሪዎች ዘመቻ ዘምተው ገጠር የከረሙ ናቸው፣ በ1971 የመሰረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም ልጅ ሆነው ገበሬ ያስተማሩ አሉበት፣ ያ ዘመቻ በ15 ቋንቋ ነበር የተሰጠው፣ አለም አቀፍ ሽልማትም አግኝቷል። ማለትም እናንተ ዛሬ የምትሰሩትን ስራ እነሱ በእናንተ እድሜ ያለ ፕሮጀክተር ሰርተውታል። ጠይቋቸው፣ ገበሬው ሲሰለቸው ምን ያረጉ እንደነበር ይነግሯችኋል፣ ከኔ ምክር የተሻለ ይሆናል። ቄስ ትምህርት ቤት ያለፉት ደግሞ ዳዊት በቃላቸው ነው የሚደግሙት፣ ሰሌዳ ላይ ሠን በሰ ከጻፋችሁ ያርሟችኋል፣ ዝም ብላችሁ ታረሙ።

ከፒያሳ ተነስተው ሩቅ ኮንዶሚኒየም የገቡ አሉ፣ እድራቸውና ደብራቸው እዚሁ ስለሆነ ሁለት ሶስት ታክሲ ይዘው ነው የሚመጡት፣ ዘገዩ ብላችሁ በር ላይ አታስቁሟቸው። ፕሮግራም ስታወጡም ካላንደር ይዛችሁ ተቀመጡ፣ እዛ ሰፈር በ23 ጊዮርጊስ ነው ማንም አይመጣም፣ በ21ም ማርያም ናት፣ አርብ ቀትር ላይ ጁምዓ አለ፣ ሁዳዴ ሲገባ የሚጾሙት ቅዳሴ ሳይወጣ ስለማይቀምሱ ከሰአት በኋላ ከባድ ትምህርት አይገባቸውም። መስከረም አንድ ላይ እንጀምር የምትሉት ነገር ደግሞ አይሆንም፣ መስቀል ይለፍ። አንድ ሰው ሁለት ቀን ከቀረ ደውሉ፣ ወይ ታመዋል ወይ ለቅሶ ላይ ናቸው፣ ለቅሶ ከሆነ ክፍሉ በሙሉ ይሄዳል፣ እናንተም ሂዱ፣ የዛን ቀን ትምህርት የለም።

ክፍያውን ለጠየቃችሁኝ፣ ትንሽ ነው፣ አንዳንዴም የለም። የታክሲ ብቻ እንኳን ከሚያዘጋጀው አካል በጽሁፍ ተቀበሉ፣ "እናያለን" ካሏችሁ ግን ሌላ አዘጋጅ ፈልጉ፣ ሞልቷል።