የሥርዓተ ትምህርት ክለሳና የመምህራን ድጋፍ

ጥያቄ፦ በሐዋሳ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍል ኃላፊ ነኝ። መምህራን ኮርሶቻቸውን እንዲከልሱ አጭር ሥልጠና ብንሰጥም፣ ያቀረቡልን ሰነድ ከጥቂት ቃላት በቀር የቀድሞው ነው። ምን ዓይነት ድጋፍ ይበጃል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ ክለሳውን ከሰነዱ ሳይሆን ካለፈው ዓመት የማጠቃለያ ፈተና ቢጀምሩት ይሻላል። የኮርሱ ዓላማ «ተማሪው የአፈር ናሙና ተንትኖ ለገበሬው ምክር ይሰጣል» እያለ፣ ፈተናው ግን የአፈር ዓይነቶችን ከማስዘርዘር የማያልፍ ከሆነ፣ መምህሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ ክፍተቱን ማንም ሳይነግረው ያየዋል። የከፍተኛ ትምህርት ተመራማሪው ጆን ቢግስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያብራሩት አካሄድም ዓላማው፣ የክፍል ውስጥ ተግባሩና ምዘናው እንዲናበቡ የሚጠይቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና መምህራንን ወደ ምርጫ ጥያቄ ማዘንበሉ አይቀርም፤ ሆኖም የመስክና የላብራቶሪ ሥራ በዚህ ሰበብ ሊቀነስ አይገባም ባይ ነኝ። ለሁሉም ግን ጊዜ ያስፈልጋል፦ ኮርስ ለሚከልስ መምህር በዚያ ሴሚስተር የማስተማር ጫናውን ያቅልሉለት፤ ክፍሉ ገብቶ የሚታዘብለት የሥራ ባልደረባም ራሱ ይምረጥ፤ ትዝብቱም ከሥራ አፈጻጸም ምዘናው ጋር ፈጽሞ አይያያዝ።