«ጓደኞቼ ቀሩ፤ ብቻዬን ልሂድ?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ዓምድዎን ሁሌም አነባለሁ። የ31 ዓመት ሴት ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ኢስታንቡል ለመሄድ ብዙ ጊዜ ስንቆጥብ ቆየን። አሁን አንዷ የዓመት ፈቃድ ተከለከለች፣ የሌላዋ ሠርግ ደረሰ። የእኔ ቪዛ ወጥቷል፤ ትኬቱ ደግሞ ገንዘቡ አይመለስም። ከአገር ወጥቼ አላውቅም። ሌባውንም መጥፋቱንም እንደምንም እወጣዋለሁ። የሚያስፈራኝ ድብርቱ ነው። ቀኑን ሙሉ ከማን ጋር አወራለሁ? ሬስቶራንት ብቻዬን ቁጭ ብዬ ሰው ሲያየኝስ? እናቴም «ብቻሽን ሄደሽ ምን ልታዪ ነው?» እያለችኝ ነው። ምን ልበላት?
ትኬቷን ይዛ የቀረች

መልስ፦ ሂጂ።

ትኬቱ እንዳይቃጠል ብዬ አይደለም። ኢስታንቡልን አንዴ ብቻዬን፣ አንዴ ደግሞ ከእህቴ ጋር አይቻታለሁ። ከእህቴ ጋር ሆድ እስኪያመን ስቀናል። ከተማዋን በደንብ ያየኋት ግን ብቻዬን በሄድኩበት ጊዜ ነው።

ከሰው ጋር ስትጓዢ የቀኑ ግማሽ በድርድር ያልቃል። «አልደከመሽም?» «እኔ ርቦኛል።» «ይሄን ትናንት አይተነው የለ?» ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። የሁለት ሰው ረሃብና ድካም በአንድ ሰዓት አይመጣም፣ በቃ። ስለዚህ አንዷ ሁሌ ትንሽ ትተዋለች። ብቻሽን ስትሆኚ የምትተዪለት ሰው የለም።

ምሳሌ ልስጥሽ። ከኤሚኖኑ ወደ ካዲኮይ የሚያመላልስ የሕዝብ መርከብ አለ፤ እነሱ ቫፑር ይሉታል። ከአውሮፓው ዳርቻ ተነስቶ እስያ እስኪደርስ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። የቱሪስት ነገር እንዳይመስልሽ፤ ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ የሚገባበት ነው። ውስጡ ሻይ ይሸጣል። ውጭ ያለው አግዳሚ ላይ ከተቀመጥሽ የባሕር ወፎቹ ጎን ለጎንሽ ይበራሉ። ከኋላሽ የመስጊዶቹ ሚናራዎች እየራቁ ይሄዳሉ፤ ከፊትሽ ሃይዳርፓሻ የሚባለው አሮጌ ባቡር ጣቢያ ውኃው ጫፍ ላይ ቆሞ ይቀበልሻል። ካዲኮይ ወረድኩና የሚመለሰውን ተሳፈርኩ። ከዚያ እንደገና ሄድኩ። እዚያ ማዶ ምንም ጉዳይ አልነበረኝም። እህቴን «ተመልሰን እንምጣና ደግሞ እንሂድ» ብላት ኖሮ ትኩሳት እንዳለኝ ግንባሬን ትነካ ነበር።

ሌላው የአርኪዮሎጂ ሙዚየሙ ነው። ከቶፕካፒ ቤተ መንግሥት አጠገብ ነው፤ ብዙ ሰው ግን ቶፕካፒን አይቶ ሲደክመው ያልፈዋል። እዚያ የእስክንድር ሳርኮፋገስ የሚባል ትልቅ የእብነ በረድ ሬሳ ሣጥን አለ። በ1887 እ.ኤ.አ. ሲዶን ላይ፣ በዛሬዋ ሊባኖስ ነው የተገኘው። የመቄዶንያው ንጉሥ የታላቁ እስክንድር ይባል እንጂ እሱ አልተቀበረበትም፤ ስሙን ያገኘው ምስሉ ስለተቀረጸበት ነው። አንዱ ረጅም ጎኑ ላይ መቄዶንያውያንና ፋርሶች ይዋጋሉ። ፈረስ ይወድቃል፣ ሰው ይረገጣል። ዞረሽ ወደ ሌላኛው ረጅም ጎን ስትመጪ ደግሞ መቄዶንያውያንና ፋርሶች አብረው አንበሳ ያድናሉ! ጠጋ ካልሽ የጥንቱ ቀለም እዚህም እዚያም ቀርቶ ታዪዋለሽ። እኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ጠባቂው እስኪጠረጥረኝ ድረስ ቆየሁ። ከእህቴ ጋር ስመለስ ግን «ቆንጆ ነው» ብላ ፎቶ አንስታ ወጣች፤ እኔም ተከተልኳት። ቅር አላለኝም፣ እሷ ገበያው ነበር የናፈቃት።

አሁን ወደ ፍርሃትሽ። ስለ ወሬው አታስቢ። ሁለት ጓደኛሞች እያወሩ ሲሄዱ ማንም አይገባባቸውም። ብቻዋን ያለችውን ሴት ግን ሰው ያናግራታል። ቫፑሩ ላይ አንዲት አሮጊት ስልካቸው ላይ ባለው መተርጎሚያ የቤተሰቤን ዝርዝር ሁሉ ጠየቁኝ። ልጆች እንደሌሉኝ ስነግራቸው ስልኩ የተረጎመላቸውን ሳያምኑ ደግመው ጠየቁኝ።

ምግቡን በተመለከተ ምሳሽን ዋና አድርጊው። የሠራተኛ ሎካንታ የሚባሉት ቤቶች የተሠራውን ወጥ መስታወት ውስጥ ደርድረው ያሳዩሻል፤ በጣትሽ ጠቁመሽ ትበያለሽ። ብዙው ሰው ከሥራ መጥቶ ብቻውን በልቶ የሚሄድ ነው፤ ማንም ዞሮ አያይሽም። ጨለማና ሻማ ያለበት፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚቀመጡበት ቤት ግን ይቅርብሽ። እዚያ እኔም ደብሮኝ ያውቃል።

አመሻሽ ላይ ብቸኝነት መምጣቱ አይቀርም። አልዋሽሽም። በተለይ አንድ የሚያምር ነገር አይተሽ «እዪው!» የምትያት ሰው ስታጪ። ለዚህ መድኃኒት የለኝም፤ ያልፋል። ግን ማረፊያሽን ሰው የሚሰባሰብበት ሳሎን ያለው ብታደርጊው፣ አንድ ቀን ደግሞ በቡድን ከሚያዞር አስጎብኚ ጋር ብትውዪ ይቀልሻል። ብቻ መጓዝ ኪስሽንም ይጎዳል፤ የክፍል ዋጋ ለሁለት ሰው የታሰበ ነው፣ ታክሲውንም የሚጋራሽ የለም።

ስለ ጥንቃቄው አጭር ላድርገው። በቀን ብርሃን የሚያርፍ በረራ ካለ እሱን ምረጪ። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች አስቀድመሽ ያዢ። ከኢስታንቡል አየር ማረፊያ ሃቫኢስት የሚባል አውቶብስ ወደ መሃል ከተማ ይወስድሻል። ኢስታንቡልካርት ግዢ፤ ለትራሙም ለሜትሮውም ለቫፑሩም ይሠራል። ጫማ ጠራጊ ከፊትሽ ብሩሹን ከጣለ አታንሺለት። ብታነሺለት «ውለታሽን ልመልስ» ብሎ ጫማሽን ይጠርግና ሂሳብ ይጠይቅሻል። አሁን የተዋወቀሽ ሰው እሱ የመረጠው መጠጥ ቤት ልውሰድሽ ካለም እምቢ በይ።

ሻንጣሽ ትንሽ ይሁን። «አንዴ ያዢልኝ» የምትያት ሰው ስለሌለች ሽንት ቤትም ይዘሽው ትገቢያለሽ። ኔሊ ብላይ የምትባል አሜሪካዊት ጋዜጠኛ ዓለምን ብቻዋን ልዞር ስትል አለቃዋ ሴት ስለሆነች ጠባቂ ያስፈልጋታል፣ የሻንጣዋም ብዛት አያንቀሳቅሳትም ብሎ ተከራክሯት ነበር። በ1889 እ.ኤ.አ. አንዲት የእጅ ቦርሳ ይዛ ተነሳችና በ72 ቀን ዞራ ገባች። አንቺ ከእሷ አንድ ጫማ ጨምረሽ ብትይዢ አልፈርድብሽም።

እናትሽን «አትጨነቂ» አትበያት፤ ይህ ቃል ማንንም አረጋግቶ አያውቅም። የማረፊያሽን አድራሻና የበረራ ቁጥርሽን ጽፈሽ ስጫት። በየማታው የምትደውዪበትን አንድ ሰዓት ቁረጡ። በዚያች ሰዓት ደውዪ፤ በቀረው ጊዜ ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። ቀኑን ሙሉ ፎቶ እየላክሽ የምትውዪ ከሆነ ግን መላው ቤተሰብ አብሮሽ ሄደ ማለት ነው፤ ድርድሩም በዚያው ይጀመራል። «ምን ልታዪ ነው?» ላለችሽ ስትመለሺ ትነግሪያታለሽ።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ቶፕካፒ ማክሰኞ ዝግ ነው። ያን ቀን ወደ ልዑላን ደሴቶች የሚሄደውን መርከብ ያዢ። ትልቋ ቡዩካዳ ናት፤ የግል መኪና አይነዳባትም። ዳገት አለባት፣ ምቹ ጫማ አድርጊ። የመመለሻውን የመጨረሻ መርከብ ሰዓት ግን ከመውረድሽ በፊት ጠይቂ።