ከባዱ ሲንሳፈፍ ቀላሉ ለምን ይሰምጣል? ስለ ፍሎቴሽን (ማዕድንን በአየር አረፋ አንሳፍፎ መለየት) የተላኩ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጋሊና (የእርሳስ ማዕድን) ከኳርትዝ ሦስት እጥፍ ገደማ ይከብዳል። በአረፋ ስንለየው እሱ ወጥቶ ኳርትዙ የሚቀረው እንዴት ነው?

መልስ፦ እዚህ የሚፈርደው ክብደት ሳይሆን የላይኛው ገጽ ነው። የውሃ ጠብታ ጎደሬ ቅጠል ላይ ድብልብል ብሎ ይንከባለላል፤ ንጹሕ ብርጭቆ ላይ ግን ተዘርግቶ ይቀራል። ኳርትዝ እንደ ብርጭቆው ነው፤ ውሃው ስለሚለጠፍበት የአየር አረፋ ቢነካውም አይይዘውም። ጋሊና ዛንቴት (ማዕድኑን ከአረፋው ጋር የሚያያይዝ «ሰብሳቢ» ኬሚካል) ሲያገኝ ግን የሞለኪዩሉ የድኝ ጫፍ ከእርሳሱ ጋር ይያያዛል፣ ውሃ የሚሸሸው ጭራው ወደ ውጭ ይቀራል፤ አረፋው የሚጣበቀውም እዚህ ላይ ነው። ክብደቱ ካሳሰበዎት ያስሉት፦ 1 ሚሊሜትር ስፋት ያለው አረፋ በይዘት የ50 ማይክሮን (0.05 ሚሊሜትር) ቅንጣት 8,000 እጥፍ ነው።

ጥያቄ፦ በላቦራቶሪ ሴል 1 ኪሎ የመዳብ ማዕድን እያንሳፈፍን ነው። አረፋው ሞልቶ ይፈሳል፤ ግን ነጭና ባዶ ነው። አረፋ ሰጪውን የፓይን ዘይት እንጨምር?

መልስ፦ አይጨምሩ። አረፋ ሰጪው ሥራውን ሠርቷል፤ የለገመው ሰብሳቢው፣ ማለትም ዛንቴቱ ነው። በቶን 50 ግራም ዛንቴት ማለት ለ1 ኪሎ 50 ሚሊግራም ነው፤ ከ1 በመቶ ብጥብጥ 5 ሚሊሊትር። ብጥብጡን በየቀኑ አዲስ ያዘጋጁ። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው፦ መጀመሪያ ኖራ፣ ቀጥሎ ዛንቴት፣ አየሩ ተዘግቶ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ማማሰል፣ ከዚያ አረፋ ሰጪ፣ በመጨረሻ አየር። ዛንቴት አሲድ ውስጥ ከገባ ይፈርሳል፤ የሚወጣው ካርቦን ዳይሰልፋይድ መርዛማ ነው፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም አረፋው ባዶ ከሆነ ማዕድኑ ደጅ ከርሞ ገጹ ኦክሳይድ ሆኖ ይሆናል፤ ወይም አፈጫጨቱ ሸካራ ነው። የመዳብ ሰልፋይድ ከ150 ማይክሮን ሲበልጥ ከአረፋው መውደቅ ይቀናዋል። ከ10 ማይክሮን በታች የደቀቀው ደግሞ ውሃውን ተከትሎ አረፋውን ያልፈዋል።

ጥያቄ፦ ፓይራይት (የብረት ሰልፋይድ) ከመዳቡ ጋር አብሮ እየወጣ አስቸገረን።

መልስ፦ ፒኤቹን በኖራ ወደ 11 ያድርሱት። የፓይራይቱ ገጽ የብረት ሃይድሮክሳይድ ይለብስና ዛንቴት እንደ ልቡ አይሠራበትም። ፓይራይት የበዛበት ማዕድን ኖራ ስለሚበላ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግመው ይለኩ። ወርቅ ካለበት ግን ኖራ አያብዙ፤ ካልሲየሙ ወርቁንም ያስቀረዋል።

ጥያቄ፦ ስፋለራይት (የዚንክ ማዕድን) በዛንቴት አልንሳፈፍ አለ። መዳብ ሰልፌት ይጨመር ሲባል ሰማን፤ ከዛንቴቱ ጋር ቀላቅለን ብንጨምርስ?

መልስ፦ መጨመሩ ትክክል ነው፣ መቀላቀሉ ስሕተት። የመዳቡ አዮን ገጹ ላይ የዚንኩን ቦታ ስለሚወስድ ዛንቴቱ የሚይዘው ያገኛል። ለዚህ ግን ጊዜ ያስፈልገዋል፤ 5 ደቂቃ ቀድሞ ይግባ። አብረው ከገቡ እርስ በርስ ተያይዘው ቢጫ ዝቃጭ ይሆናሉ፣ ሁለቱም ይባክናሉ። ዛንቴት ስሙን ያገኘውም ከዚሁ ቢጫ የመዳብ ጨው ነው፤ በግሪክ «ዛንቶስ» ቢጫ ማለት ነው።