«ሐይቅ ሠርግ» ለምን ሳይገለበጥ ቀረ?

ጥያቄ፦ በደሴ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የፎቶና የኅትመት ቤት እሠራለሁ። የደንበኞቻችንን ፎቶዎች በየፎልደሩ ለይተን በሊኑክስ ኮምፒውተር እናስቀምጣለን፤ ማታ ማታ እኔ የጻፍኩት የባሽ ስክሪፕት (ባሽ የተባለው የሊኑክስ ትእዛዝ ተቀባይ ፕሮግራም በተራ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ፋይል) ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይገለብጣቸዋል፤ የቆዩትንም ከኮምፒውተሩ ያጠፋል። «ሐይቅ» የተባለውን ፎልደር በትክክል ሲገለብጥ፣ «ሐይቅ ሠርግ» ላይ ሲደርስ ግን «ሠርግ» የሚባል ፋይል የለም ብሎ ያልፈዋል። ችግሩ የአማርኛ ፊደል ከሆነ ስሞቹን ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ልቀይራቸው?

መልስ፦ ስሞቹን አይቀይሯቸው፤ ፊደሉ ምንም አላጠፋም። ሊኑክስ በፋይል ስም ውስጥ የሚከለክለው ሁለት ነገር ብቻ ሲሆን፣ እነርሱም ስላሽ የሚባለው ያጋደለ መስመርና ዋጋው ዜሮ የሆነው ባይት ናቸው። ስክሪፕትዎን ያሰናከለው በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ክፍት ቦታ ነው። ባሽ በዶላር ምልክት የተጠራ ቫሪያብል (እንደ ፋይል ስም ያለ ዋጋ የሚያዝበት መጠሪያ) በጥቅስ ሳይታጠር ሲያገኝ፣ ክፍት ቦታ፣ ታብ ወይም አዲስ መስመር ባለበት ሁሉ ይዘቱን ይቆራርጠዋል፤ በዚህም ምክንያት ለመገልበጫው ትእዛዝ የሚደርሱት «ሐይቅ» እና «ሠርግ» የተባሉ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። የመጀመሪያው ስላለ እንደገና ይገለበጣል፤ ሁለተኛው ስለሌለ የስሕተት መልእክት ይወጣል።

እጅግ የሚያሳስበኝ ግን የማጥፊያው መስመር ነው። እርሱም በዚሁ መንገድ ከተጻፈ፣ «ሐይቅ ሠርግ» እንዲጠፋ ሲታዘዝ የሚያጠፋው ማንም ያላዘዘበትን «ሐይቅ»ን ነው፤ በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) የጠፋ ፋይል ደግሞ ወደ ቆሻሻ ቅርጫት ስለማይገባ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ያንን መስመር ያስቁሙት።

መፍትሔው ቫሪያብሉን በተጠራበት ቦታ ሁሉ በድርብ ጥቅስ ማጠር ነው። ነጠላ ጥቅስ አይሆንም፤ የዶላር ምልክቱን እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቆጥረዋልና። በተጨማሪም የፋይሎቹን ዝርዝር ከኤል-ኤስ ትእዛዝ ውጤት እየለቀሙ ከሆነ ይተዉት፤ በምትኩ ለእያንዳንዱ ፋይል ትእዛዙን በሚደጋግመው ፎር በሚባለው ዙር ውስጥ፣ ማንኛውንም ስም የሚወክለውን የኮከብ ምልክት በቀጥታ ይጠቀሙ፤ በኮከብ ምልክቱ የተገኘ ስም ክፍት ቦታ ቢኖረውም አይቆራረጥም። ከኮከቡ በፊት ነጥብና ስላሽ ቢያስቀድሙ ደግሞ በጭረት የሚጀምር ስም እንደ ትእዛዙ አማራጭ ተቆጥሮ አያሳስትዎትም። በየፎልደሩ ውስጥ ዘልቀው የሚፈልጉ ከሆነ፣ ፋይል ፈላጊው ትእዛዝ ፋይንድ ስሞቹን በዜሮ ባይት እየለየ እንዲያወጣና፣ የተቀበላቸውን ስሞች ለሌላ ትእዛዝ የሚያቀብለው ኤክስአርግስም በዚያው እንዲቀበል ማዘዝ ይቻላል፤ ያ ባይት በስም ውስጥ ሊገኝ ስለማይችል ይህ መለያ ፈጽሞ አይሳሳትም።

የማጥፊያውን ትእዛዝ ከመመለስዎ በፊት በስፍራው ጽሑፍ የሚያትመውን ፕሪንትኤፍ የተባለ ትእዛዝ ተክተው፣ እያንዳንዱን ስም በቅንፍ ውስጥ በየመስመሩ እንዲያትም አድርገው ይሞክሩት። ብዙ ሰው ለዚህ ሥራ ኤኮ የተባለውን ሌላ የማተሚያ ትእዛዝ ይጠቀማል፤ ነገር ግን ኤኮ የተቆራረጡትን ቃላት መልሶ በአንድ መስመር ስለሚያወጣቸው ስሕተቱን ይሸፍነዋል። «ሐይቅ ሠርግ» በአንድ ቅንፍ ውስጥ ከታየ ስክሪፕቱ ተስተካክሏል።

ፊደሉን የሚመለከት አንድ እውነተኛ ገደብ ግን አለ። ፊደላት በኮምፒውተር በሚቀመጡበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ኤክስት4 በተባለው የሊኑክስ ፋይል ሥርዓት ደግሞ የአንድ ስም ጣሪያ 255 ባይት ስለሆነ፣ ሙሉ በሙሉ በፊደላችን የተጻፈ ስም ከ85 ፊደል ሊበልጥ አይችልም። ሃርድ ዲስኩ ኤክስፋት በተባለው ሌላ የፋይል ሥርዓት የተዘጋጀ ከሆነም የጥያቄ ምልክት፣ የኮከብ ምልክትና በላቲን ኪቦርድ የሚጻፈው ሁለት ነጥብ ያለባቸውን ስሞች አይቀበልም፤ የራሳችን ሁለት ነጥብ «፡» ግን በኤክስት4ም በኤክስፋትም ዘንድ ያለ ችግር ያልፋል።