እናቴ ኪኒኑን ስታቆም ለምን ወደቀች?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው፣ ሰፈራችን ሄርማታ። እናቴ አስም አለባት። ላለፉት 6 ወራት ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን በየቀኑ ትወስድ ነበር። ትንፋሿ ተስተካከለ፣ ግን ፊቷ ክብ ሆኖ አበጠ። ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» እያለ ሲያስጨንቃት ለማንም ሳትነግር ተወችው። በአራተኛው ቀን ቡና እያፈላች አዙሯት ወደቀች። ታስመልሳለች፣ ከአልጋ መነሳት አቃታት። ሐኪም ቤት መድኃኒቱን መልሰው አስጀመሯትና «ሰውነቷ የራሱን ሆርሞን ማምረት አቁሟል፣ ኪኒኑ የሚቀነሰው ቀስ በቀስ ነው» አሉን። ከዚያ በላይ ያስረዳን የለም። እኔ የባዮሎጂ 2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኪኒን እንዴት አድርጎ ነው የሆርሞን ዘረመልን ዝም የሚያሰኘው?
የእናቷ ልጅ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን እናትሽ ተረፉልሽ። የነገሯችሁ ልክ ነው፣ ግን እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተብሎ የሚያልቅ ጉዳይ አልነበረም።

የቆመው ሆርሞን ኮርቲሶል ነው። እሱ ራሱ ከዘረመል አይቀዳም። ከኩላሊት በላይ ባሉት አድሬናል እጢዎች ውስጥ ከኮሌስትሮል ይሠራል። ዘረመል ያለው አዛዡ ነው። ኤሲቲኤች ይባላል፣ 39 አሚኖ አሲድ አለው፣ የሚወጣውም አንጎል ሥር ካለችው አተር ከምታክለው ፒቱታሪ እጢ ነው። ዘረመሉ ፒኦኤምሲ ይባላል። ከእሱ አንድ ረጅም ፕሮቲን ይወጣል፣ ሴሉ ቆራርጦ ኤሲቲኤችን ያገኛል። ሕመም የሚያስታግሰው ቤታ ኢንዶርፊንም ከዚያው ፕሮቲን ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ይህ ዘረመል የአንድ መልእክተኛ ቃል ብቻ ሰምቶ አይነሳም። ዋናው ቀስቃሽ ሃይፖታላመስ ከተባለው የአንጎል ክፍል የሚመጣው ሲአርኤች የተባለ ሆርሞን ነው፣ ዋይሊ ቬልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1981 ከበግ አንጎል ለይተው ያወጡት። ሲአርኤች ወደ ሴሉ አይገባም፣ ከውጭ ተቀባዩን ያንኳኳል። ያኔ ሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ ትንሽ መልእክተኛ ሞለኪውል ይጨምራል፣ እሱ ፒኬኤ የተባለውን ኢንዛይም ያነቃል፣ ካልሲየም ይገባል፣ በመጨረሻም ኑር77 የሚባለው ፕሮቲን ፒኦኤምሲ ላይ ተቀምጦ ንባቡን ያስጀምራል። ቫዞፕሬሲን የተባለው ሌላ ሆርሞን ደግሞ በተለየ በር፣ ፒኬሲ በተባለ ሌላ ኢንዛይም መንገድ ይመጣል። ብቻውን ደካማ ነው። ከሲአርኤች ጋር ሲገጥም ግን የሚለቀቀው ኤሲቲኤች የሁለቱ ድምር ከሚሆነው በላይ ነው። እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ ይሄ ነው፣ ሁለት መንገዶች ሴሉ ውስጥ ተገናኝተው አንዱ የሌላውን ድምፅ ያጎላዋል።

ኮርቲሶልን የሚመስለው ፕሬድኒሶሎን ግን በየትኛውም በር አያንኳኳም። ስብ ውስጥ ስለሚሟሟ የሴሉን ሽፋን ሰንጥቆ ይገባል፣ ከውስጥ ተቀባዩን ይይዛል፣ አብረው ወደ ኒውክሊየስ ይዘልቃሉ። እዚያ ኑር77ን ሥራ ያስፈቱታል። ሲአርኤች ውጭ ቢያንኳኳም ዘረመሉ በደንብ አይነበብም። ላይኛው ቤት ማለትም ሃይፖታላመስም ሲአርኤች መሥራቱን ይቀንሳል። ኮርቲሶል ራሱም በተፈጥሮ እንዲሁ ነው የሚያደርገው፣ ሲበዛ አዛዡን «በቃ» ይላል። ልዩነቱ ኪኒኑ 6 ወር ሙሉ በየቀኑ «በቃ» ማለቱ ነው።

ቤታችሁ ሮቶ ካለ አስቢው። ውስጡ የምትንሳፈፈው ኳስ ውኃው ሲሞላ የቧንቧውን መስመር ትዘጋለች። የጅማ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው፣ የጣራው ውኃ ሮቶውን ሞልቶት ከከረመ ቧንቧው ወራት ሳይከፈት ይቆያል፣ ይዝጋል። ዝናቡ አንድ ቀን ድንገት ቢያቆምስ? ኳሷ ትወርዳለች፣ ቧንቧው ግን አልላቀቅ ይላል። እናትሽ ላይ የደረሰው ይሄ ነው። ኤሲቲኤች የሚያዘው ሥራ ብቻ አይደለም፣ አድሬናልን የሚያኖረውም እሱ ነው። ሲጠፋ እጢው ይኮሰምናል። ኪኒኑ ሲቆም መጀመሪያ ሃይፖታላመስና ፒቱታሪ ይነቃሉ፣ አድሬናል ይዘገያል። ወራት፣ አንዳንዴ እስከ ዓመት ሊወስድ ይችላል። መጠኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚቀነሰው ለዚህ ነው። የፊታቸው እብጠትም መጠኑ ሲወርድ በጊዜ ይቀንሳል፣ ይህን ንገሪያቸውና አይሸማቀቁ።

ሌላም መንገድ አለ፣ እሱን አደራ እንዳትረሺው። ሰው ሲታመም የመከላከያ ሴሎች ኢንተርሉኪን 6 የተባለ መልእክተኛ ፕሮቲን ይለቃሉ፣ እሱም ስታት3 በሚባል ፕሮቲን በኩል ፒኦኤምሲን ይቀሰቅሳል። ጤነኛ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ኮርቲሶሉ የሚጨምረው በዚህም ጭምር ነው። የእናትሽ አካል አሁን ይህን ጥሪ ቢሰማም በቂ መልስ መስጠት አይችልም። ስለዚህ ትኩሳት፣ ወባ፣ ቀዶ ሕክምና ወይም ከባድ ጉዳት ሲያጋጥም መጠኑ ለጊዜው መጨመር ሊያስፈልገው ይችላል፣ ያንን የሚወስነው ሐኪም ነው። ኪኒኑን ውጠው ካስመለሳቸው ደግሞ እስኪነጋ አትጠብቁ፣ ወዲያው ውሰዷቸው፣ በመርፌ ይሰጣቸዋል። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የጀመሩበትን ወር በወረቀት ጻፊና ቦርሳቸው ውስጥ ይኑር፣ የጥርስ ሐኪም ጋ እንኳ ሲሄዱ ያሳዩት።