ልጄን በቅመም ስም ብጠራት ነውር አለው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጅማ ነው። ሴት ልጅ ከወለድኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ባለቤቴ ከመጽሐፈ ኢዮብ አግኝቶ «ቃስያ» እንበላት አለ። እናቴ ግን የቅመም ስም መሆኑን ስትሰማ «ነገ ደግሞ ኮረሪማ ልትሏት ነው?» ብላ አዘነች። ክርስትና ልናስነሣት ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። ምን ይሉናል?

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረችሽ ልጄ። ነውር የለውም። እናትሽንም አትቀየሚያቸው፤ «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ሲባል ያደገ ሰው ለልጅ ልጁ ስም ቢጨነቅ ደግ ነው።

ቃስያ ኢዮብ ከመከራው በኋላ ከወለዳቸው ሦስት ሴቶች ልጆች ሁለተኛዋ ናት (ኢዮ. 42፥14)። ቅመሙ ቀረፋን የሚመስል፣ መዓዛው የበረታ የዛፍ ልጥ ነው። የዕብራይስጡ ቃል ከመላጥ፣ ከመፋቅ የመጣ ነው፤ የእኛም «ቀረፋ» ከቀረፈና ከቅርፊት ጋር ይዛመዳል። ዛፉ ካልተላጠ ቅመሙ አይገኝም።

እስኪ ኢዮብን አስቢው። አመድ ላይ ተቀምጦ ቁስሉን በገል ሲፍቅ፤ ምዕራፍ 19 ላይ ደግሞ ትንፋሼን ሚስቴ ጠላችው እያለ ሲያለቅስ። ልጅ ሲሰጠው በመልካም መዓዛ ስም የጠራት ይህ ሰው ነው! እዚህ ስደርስ ሁልጊዜ እንባ ይቀድመኛል። መጽሐፉ የሰባቱን ወንዶች ስም እንኳ ሳይነግረን የሦስቱን ሴቶች ጽፎልናል፤ አባታቸውም ከወንድሞቻቸው ጋር ርስት ሰጥቷቸዋል።

ይኸው ቅመም ዘፀአት 30 ላይ «ብርጉድ» ተብሎ 500 ሰቅል ይመዘናል፤ ከ500 ሰቅል ከርቤ፣ ከ250 ቀረፋ፣ ከ250 ጠጅ ሣርና ከወይራ ዘይት ጋር ቅብዐ ቅዱስ ይሆናል። ሜሮናችንም በቅመማ ቅመም የሚዘጋጅ ነው። ካህኑ ልጅሽን ሜሮን ሲቀቧት ጠጋ ብለሽ አሽትቻት።

ቃስያ የዓለም ስሟ ይሁን። የክርስትና ስሟን ካህኑ ያወጡላታል፤ ስትቆርብም ስሟ በጸሎት ሲነሣም የምትጠራው በእሱ ነው። «ኬዝያ» የሚሉም አሉ፣ ያቺው ናት፤ እኔ ግን በመጽሐፋችን እንዳለው ቃስያ ብትሏት እመርጣለሁ።

ለእናትሽ ኢዮብ 42ን ቁጭ ብለሽ አንብቢላቸው። ኮረሪማውንም አይናቁብኝ፤ ገበያ ላይ እንደ መቁጠሪያ በክር ተሰክቶ የሚሸጠውን ፈልፍለው፣ ለገንፎሽ ቅቤ ያነጠሩበት እርሳቸው አይደሉ?