«ማሽን ጠጋኝ ልሆን ነው?» ላልሽኝ እህቴ

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ዘንድሮ ከሐዋሳ በሶፍትዌር ምህንድስና ተመርቀሻል። በባንኮችና በሆስፒታሎች የወረፋ ቁጥር የሚሰጡና ክፍያ የሚቀበሉ የራስ አገልግሎት ማሽኖችን የሚያቀርብ ድርጅት ልቅጠርሽ ብሎሻል። መደቡ «ሲስተም ሳፖርት» ይላል። ጓደኞችሽ ደግሞ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ማሽን ጠጋኝ ልትሆኚ ነው? ሞባይል አፕ ብትሠሪ አይሻልም?» እያሉሽ ነው። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ መልስ ይጠብቃሉ።

እኔ ግቢበት እላለሁ። ከመፈረምሽ በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ «ጅማ ያለ ማሽናችሁ ሃንግ ቢያደርግ ምን ታደርጋላችሁ?» «መጀመሪያ ከዚሁ ሆነን እናየዋለን፣ ካስፈለገም ሪስታርት እናደርገዋለን» ካሉሽ ጥሩ ቦታ ነው። «ሰው እንልካለን» ካሉሽም ቶሎ ተስፋ አትቁረጪ። «ከርቀት የሚከታተል ሲስተም ልሥራላችሁ ብል ትፈቅዱልኛላችሁ?» በያቸው። እዚህ ላይ ፊታቸው ከጠቆረ ጓደኞችሽ እውነት አላቸው፤ ተዪው።

ይህ ሥራ የሚናቀው የሚታየው ስክሪኑ ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል። አንድ ትልቅ ቁልፍ፣ አንድ ቁጥር፣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት። ይህን ማንም ተመራቂ በጥቂት ቀናት ይሠራዋል። ከባዱ ሥራ ከጀርባ ነው። አጠገቡ ባለሙያ የሌለው ማሽን ራሱን ችሎ እንዲውል፣ ሲወድቅም ራሱ እንዲነሳ ማድረግ አለብሽ። በሞባይል አፕ ጊዜ ስልኩን የያዘው ሰው ያግዝሻል፤ ያጠፋዋል፣ ያበራዋል፣ አፑን አውጥቶ መልሶ ይጭነዋል። ባንክ ውስጥ ለቆመ ማሽን ይህን የሚያደርግለት የለም።

መብራት ሄደ እንበል። ማሽኑ ፋይል እየጻፈ ሳለ ድርግም አለ። መብራት ሲመጣ ዊንዶውሱ አልነሳም ይላል። ለዚህ መፍትሔ አለው። ዊንዶውስ ኢንተርፕራይዝ ላይ ዩኒፋይድ ራይት ፊልተር የሚባል መከላከያ አለ፤ የሚጻፈውን ሁሉ ወደ ጊዜያዊ ቦታ ይወስደዋል። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ዲስኩ እንደ ነበረ ይገኛል። ሊኑክስ ላይ ኦቨርሌይ ፋይል ሲስተም ይህንኑ ያደርጋል። ታዲያ የቀኑ የክፍያ መዝገብ አብሮ እንዳይጠፋ ለእሱ የተለየ ቦታ ማዘጋጀት ያንቺ ሥራ ይሆናል።

ሰዓቱም አለ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስታልቅ፣ ማሽኑ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ሊመለስ ይችላል። ቀኑ ሲሳሳት ማሽኑ የሰርቨሩን የደህንነት ሰርተፊኬት፣ ማለትም የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጠውንና የሚያበቃበት ቀን ያለውን ዲጂታል መታወቂያ፣ አልቀበልም ይላል። ኔትወርኩ አለ፣ ኬብሉ ደህና ነው፣ ፕሮግራሙም ደህና ነው። ደንበኛው ግን «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። በአንዲት ሳንቲም በምታክል ባትሪ የተነሳ አንድ እናት ከሩቅ መጥተው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አስቢው። ይህን ከመቶ ኪሎ ሜትር ርቀት አይታ «ችግሩ ሰዓቱ ነው» የምትል ባለሙያ ለእኔ ትልቅ ባለሙያ ናት።

ከርቀት ማየት ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ማሽኑ ያለው ከቅርንጫፉ ራውተር ወይም ከሲም ካርድ ጀርባ ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከውጭ በቀጥታ ልትገቢበት አትችይም። ግንኙነቱን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚከፍተው ማሽኑ ራሱ መሆን አለበት። ለዚህ ኤምኪውቲቲን ተማሪ። እ.ኤ.አ. በ1999 የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል የተሠራ የመልእክት መለዋወጫ ነው። ሲሠራ የታሰበው ደካማና ውድ ለሆነ ኔትወርክ በመሆኑ ለእኛ ሁኔታ ይስማማል። ማሽኑ በየጥቂት ደቂቃው «አለሁ» ይላል፤ ዲስኩ ምን ያህል እንደቀረው፣ ሙቀቱ፣ የወረቀቱ ሁኔታ አብሮ ይላካል። ደህና የሚባሉት የደረሰኝ ማተሚያዎች ወረቀቱ ከማለቁ በፊት የሚያስጠነቅቁበት ሴንሰር አላቸው። ብዙ ድርጅት ይህን መረጃ አያነበውም። ወረቀት አልቆ ሰው ከተሰለፈ በኋላ በስልክ ይነገረዋል።

ሌላው ትልቅ ነገር አፕዴት ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2024 ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደህንነት ኩባንያ አንድ የተበላሸ ፋይል ለደንበኞቹ ላከ። ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ማሽኖች ወደቁ። የአየር ማረፊያ ስክሪኖች ሰማያዊ ሆኑ። ሕንድ ውስጥ የመሳፈሪያ ወረቀት በእጅ ተጽፎ ለመንገደኞች ተሰጠ። ኩባንያው ፋይሉን የመለሰው ከአንድ ሰዓት ከሩብ ጥቂት አለፍ ብሎ ነበር። ግን የወደቀው ማሽን በትክክል ስለማይነሳ ብዙዎቹን ከርቀት ማዳን አልተቻለም። ሰው ማሽኑ ድረስ እየሄደ ፋይሉን በእጁ መሰረዝ ነበረበት። ኢንተርቪው ላይ ይህን ታሪክ ከነምክንያቱ ብታስረጂ ከብዙ ሲቪ ይበልጥልሻል። አፕዴት ለሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ አይላክም። መጀመሪያ ለሁለት ሦስት ማሽን ትልኪያለሽ፣ አንድ ሁለት ቀን ታያለሽ፣ ከዚያ ታሰፊዋለሽ። ዲስኩን ለሁለት ከፍሎ አዲሱን ባልተያዘው ክፍል ላይ መጫን ደግሞ የተሻለ ነው፤ አዲሱ አልነሳ ሲል ማሽኑ ራሱ ወደ አሮጌው ይመለሳል።

ከርቀት መግባት ከቻልሽ ሌላውም ሊገባ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2010 ባርናቢ ጃክ የተባለ የደህንነት ተመራማሪ ላስ ቬጋስ ላይ፣ በባለሙያዎች ጉባኤ ፊት፣ ኤቲኤም ብር እንዲተፋ አድርጎ አሳይቷል። ካሳያቸው ሁለት ማሽኖች አንዱን የሰበረው በዚያው በርቀት ማስተዳደሪያው በኩል ነበር። መግቢያው ላይ የይለፍ ቃሉን ማለፍ የሚያስችል ቀዳዳ ነበረበት። ስለዚህ ለሁሉም ማሽን አንድ የይለፍ ቃል የሚጠቀም ድርጅት ካጋጠመሽ መጀመሪያ የምታስተካክዪው እሱን ይሁን። ደንበኛ ሄዶ ሌላው ሲመጣም የቀደመው ሰው ስልክ ቁጥር ወይም ስም ስክሪኑ ላይ መቅረት የለበትም። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን፤ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

አሁን አንቺ ከውጭ አገር ሶፍትዌር የምትበልጪበትን ልንገርሽ። ከውጭ ከሚመጡት፣ ያለ ቀለም በሙቀት ከሚያትሙት የደረሰኝ ማተሚያዎች አብዛኞቹ የግዕዝ ፊደል በውስጣቸው የላቸውም። አማርኛ ስትልኪላቸው ጥያቄ ምልክት ወይም ዝብርቅርቅ ያወጣሉ። መፍትሔው ጽሑፉን መጀመሪያ በምስል መልክ ስሎ ምስሉን ማተም ነው። 80 ሚሊ ሜትር ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ 576 ነጥብ ስፋት አለሽ። ይህን ሠርቶ ማሳየት የአንድ ሳምንት ሥራ ነው፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ሰዓቱም እንዲሁ። ወረቀቱ «14፡30» ሲል ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል መሆኑን ስንቱ ቶሎ ይገነዘባል? በየባንኩ ቁልፉን ለደንበኛው የሚጫነው ጥበቃው መሆኑን አስተውለሻል? ሰው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ስክሪኑ በሰው ቋንቋ፣ በትልቅ ፊደል፣ ካስፈለገም በድምፅ ስለማያናግረው ነው። ይህን ልብ ብላ የምትሠራ ልጅ በጣም ታስፈልገናለች።

ቅጥሩ እስኪጸና ቤት ውስጥ ተለማመጂ። አንድ አሮጌ አንድሮይድ ስልክ ፈልጊ። ፋብሪካ እንደወጣ አድርገሽ አጽጂው፤ አካውንት ሳታስገቢ የራስሽን አፕ የመሣሪያው ባለቤት (ዲቫይስ ኦውነር፣ ስልኩን ሙሉ በሙሉ የሚያዝ አፕ) አድርጊና ሎክ ታስክ ሞድ ውስጥ፣ ማለትም ስልኩ ከዚያ አፕ ውጭ ሌላ እንዳይከፍት በሚያደርገው ሁኔታ፣ ቆልፊው። ከአፑ መውጣት እስካልተቻለ ድረስ የኪዮስክ (የራስ አገልግሎት) ማሽን ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ሞስኪቶ የተባለውን ነፃ የኤምኪውቲቲ ሰርቨር ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚና ስልኩ «አለሁ» እንዲልሽ አድርጊ። ዋይፋዩን አጥፊበት፣ ባትሪውን ጨርሺበት፣ ቀኑን አበላሺበት፤ ምን እንደሚሆን እያየሽ መዝግቢ። አንድ የክፍያ ልምምድም ጨምሪበት። ደንበኛው በቴሌብር ከፈለ፣ መልሱ ሳይደርስ ኔትወርኩ ተቋረጠ፣ ማሽኑ ጥያቄውን ደግሞ ላከ። ለእያንዳንዱ ክፍያ የማይደገም መለያ ቁጥር ካልሰጠሽው ሁለት ጊዜ ሊቆረጥበት ይችላል። ኮዱንና ማስታወሻሽን ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጪ።

ይህ እውቀት ወረፋ ማሽን ላይ አይቀርም። ኤቲኤም፣ የአየር ማረፊያ መንገደኛ መመዝገቢያ፣ አሁን አዲስ አበባ ላይ እየተስፋፋ ያለው የኤሌክትሪክ መኪና መሙያ፣ ሁሉም ተበታትኖ የቆመና ከአንድ ቦታ የሚመራ ማሽን ነው። ዱባይም ሆነ ዋሽንግተን ያለ ቀጣሪ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ውሉን ግን በደንብ አንብቢ። «ሳፖርት» የሚለው ስም ብዙ አያሳስበኝም፤ የሚያሳስበኝ ኮዱን ማየትና መንካት መከልከልሽ ነው። ኮዱ ከውጭ አቅራቢ ከሆነና ማንም ካልነካው፣ ቢያንስ የክትትሉን ክፍል ለመሥራት ፈቃድ እንዳለሽ ውሉ ላይ ይጻፍ። ሌሊት የሚደወልልሽ ከሆነ በየስንት ሳምንቱ ተራ እንደሚደርስሽና ምን እንደሚከፈልሽ ጠይቂ። ክፍለ ሀገር ስትወጪ የሚሰጥሽ አበልና ትራንስፖርትም በቃል እንዳይቀር፤ በጽሑፍ አድርጊው።